ርካሹ ትኬት፣ አዲሱ አውሮፕላንና የጉልበትዎ ቦታ

ለዚህ እትም ከደረሱን የጉዞ ጥያቄዎች የሚበዙት ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው። ከወሎ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነውና ጥያቄው በርካሽ አየር መንገዶች ላይ ማተኮሩ አይገርምም። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። ዘንድሮ ስትመጣ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ገና አዲስ ነበር። መቀመጫው ግን ከድሮው የጠበበና የጠነከረ ሆነባት። አውሮፕላኑ አዲስ ሆኖ ምቾቱ እንዴት ይቀንሳል? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አዲስነቱ በዋናነት የሞተሩ ነው። እንደ ኤርባስ ኤ320ኒዮና ቦይንግ 737 ማክስ ያሉት አውሮፕላኖች ከቀደሙት ወንድሞቻቸው ከ14 እስከ 20 በመቶ ያነሰ ነዳጅ ይበላሉ። አየር መንገዱ የሚገዛቸው ለዚሁ ነው። መቀመጫውን ግን አውሮፕላኑን የሠራው ኩባንያ አይወስንም። የመቀመጫውን ዓይነት፣ ብዛቱንና በረድፎች መካከል የሚተወውን ርቀት የሚመርጠው ገዢው አየር መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት አውሮፕላን በአንዱ አየር መንገድ ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ሆኖ ይገኛል።

ርካሽ አየር መንገዶች ትኬቱን የሚያረክሱት ወጪውን ለብዙ ሰው በማካፈል ነው። በኤ320 ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚደረደረው እስከ 180 መቀመጫ ነበር፤ አሁን 186 የሚያደርሱ አሉ። ረዘም ያለው ኤ321ኒዮ በአውሮፓው ርካሽ አየር መንገድ በዊዝ ኤር 239 ሰው ይጭናል። ሌላው የአውሮፓ ርካሽ አየር መንገድ ራያንኤር በ737-800 ላይ 189 መቀመጫ ነበረው፤ ለእሱ በተሠራው የማክስ ዓይነት ግን 197 አድርሶታል። የተጨመሩት መቀመጫዎች ቦታ የሚያገኙት የምግብ ማዘጋጃውን በማጥበብ፣ ሽንት ቤቶቹን በማሳነስና የመቀመጫውን መደገፊያ በማሳሳት ነው።

እህትዎ ጠነከረ ያሉት ይህ የሳሳው መደገፊያ ነው። ስፖንጁ ቀጭን ስለሆነ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የውስጡ ብረት ለጀርባና ለመቀመጫ ይሰማል። በሌላ በኩል መጽሔት የሚቀመጥበት ኪስ ከጉልበት ፊት ተነሥቶ ወደ ላይ ስለወጣ ለጉልበት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። አንዳንዶቹ ጨርሶ ወደ ኋላ አይለጠጡም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አንቆጥረውም፤ ጠባብ ረድፍ ላይ የፊተኛው ሰው ወደ ኋላ ካልተኛብዎት እፎይታ ነው።

በአንድ መቀመጫና ከፊቱ ባለው መቀመጫ ተመሳሳይ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በኢንች ይለካል። ርካሾቹ ላይ ከ28 እስከ 30 ኢንች፣ ማለትም ከ71 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ይበቃዎት እንደሆነ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቤትዎ ሆነው መገመት ይችላሉ። መደገፊያ የሌለው በርጩማ ግድግዳ አጠገብ አድርገው ወገብዎንና ጀርባዎን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይቀመጡ። ሌላ ሰው ከግድግዳው እስከ ጉልበትዎ ጫፍ ድረስ በሜትር ይለካልዎት። በተገኘው ቁጥር ላይ ለመደገፊያው ውፍረት 6፣ ለመተንፈሻ ያህል 3 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። ልኩ 62 የሆነ ሰው 71 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል፤ 28 ኢንች ልክ ይሆነዋል፣ ነገር ግን ትርፍ የለውም። ልኩ 66 የሆነ ሰው 75 ስለሚያስፈልገው ከ30 ኢንች በታች ይጠበዋል፤ 28 ላይ ጉልበቱ የፊቱን ወንበር ይነካል። ለሁለት ሰዓት በረራ ይህን መታገስ ይቻላል። ከቦሌ ዱባይ ያለው አራት ሰዓት ገደማ ግን ለረጅም ሰው ከባድ ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ሰፋ ላለ ረድፍ መክፈል ተገቢ ወጪ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ከፍዬ የመረጥኩት መቀመጫ ኤርፖርት ስደርስ ተቀይሮ ጠበቀኝ። አውሮፕላን ተቀይሯል አሉኝ። ለምንድን ነው በየጊዜው የሚቀያይሩት? ምንስ ማድረግ እችላለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ርካሽ አየር መንገድ በልማዱ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይይዛል። አብራሪው የሚሠለጥነው ለአንድ ዓይነት፣ መለዋወጫው የአንድ ዓይነት፣ መካኒኩም እንደዚያው ስለሚሆን ወጪው ይቀንሳል። ሆኖም ዓይነቱ አንድ ቢሆንም የመቀመጫው አደራደር አንድ አይደለም። ፍላይዱባይን እንውሰድ፤ እስካሁን የሚበረው በ737 ብቻ ነው። ግን አሮጌው 737-800 አለ፣ ማክስም አለ። ማክስ 8 ላይ 10 የሚተኛባቸው የቢዝነስና 156 የኢኮኖሚ መቀመጫዎች ያሉት አደራደር አለ። በዚህ ምትክ ሌላ አደራደር ያለው ሲመጣ የረድፉ ቁጥር ይዘበራረቃል፤ እርስዎ የከፈሉበት 14ኛው ረድፍ በአዲሱ ላይ ተራ ረድፍ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከበደው የሞተር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የሞተር ሠሪው ፕራት ኤንድ ዊትኒ በኤ320ኒዮ ቤተሰብ ላይ የሚገጠም የአንድ ሞተሩ አንዳንድ ክፍሎች የተሠሩበት የብረት ዱቄት ንጹሕ እንዳልነበር አስታወቀ። ክፍሎቹ ከጊዜያቸው በፊት ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ሞተሮቹ እየተነሡ መመርመር ነበረባቸው። የጥገና ወረፋው ረዘመና በመላው ዓለም በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ሞተር ሳይኖራቸው ቆሙ። ብዙ ከተጎዱት አንዱ ዊዝ ኤር ነው። በአቡ ዳቢ የነበረው ቅርንጫፉ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በረራ ያቆመው ሞተሮቹ በሙቀትና በአቧራማ አየር ቶሎ መጎዳታቸውን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ነው። አውሮፕላን ሲጎድል አየር መንገዱ ከሌላ ኩባንያ ከነአብራሪውና ከነአስተናጋጁ ይከራያል። ያኔ በትኬትዎ ላይ ከተጻፈው ስም የተለየ ቀለም የተቀባ አውሮፕላን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። መቀመጫውም አገልግሎቱም የአከራዩ ኩባንያ ነው።

ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። ትኬት ሲቆርጡ የአውሮፕላኑን ዓይነት የሚያሳየውን ባለ ሦስት ፊደል መለያ ያስተውሉ፤ ትኬት ቢሮም ቢጠይቁ ኮምፒውተሩ ላይ ያዩታል። 73ኤች ማለት 737-800፣ 7ኤም8 ማለት ማክስ 8፣ 32ኤን ኤ320ኒዮ፣ 32ኪው ኤ321ኒዮ ነው። ከዚያ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ይህንኑ መለያና የመቀመጫ ካርታውን እንደገና ይመልከቱ። ተቀይሮ ካገኙት ወዲያው አዲስ ቦታ ይምረጡ፤ ኤርፖርት እስኪደርሱ ከቆዩ የተረፈው የመካከል ወንበር ብቻ ይሆናል። ለመቀመጫው ለብቻው የከፈሉበትን ደረሰኝ ከትኬቱ ለይተው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ የተሰጥዎትን ቦርዲንግ ፓስም አይጣሉ። ሰፊ ረድፍ ከፍለው ተራ ረድፍ ከተሰጥዎት ልዩነቱን የሚጠይቁት በእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች ነው። ትኬቱ በወኪል የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የለውጡ መልእክት ወደ ወኪሉ ስልክ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሲያስቆርጡ የራስዎ ስልክ ቁጥር እንዲመዘገብ አጥብቀው ይጠይቁ። ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው ለውጡን ቦሌ ላይ መስማት የለበትም።

ጥያቄ፦ ፍላይዱባይ ኤርባስና ትልልቅ አውሮፕላን ሊያስገባ ነው ሲባል ሰማን። ለኛ ምን ይለውጥልናል? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በዱባይ የአየር ትርኢት ላይ 30 ቦይንግ 787-9 አዝዟል፤ ለእሱ የመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት መተላለፊያ አውሮፕላኖች ናቸው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ለ150 ኤ321ኒዮ ከኤርባስ ጋር ተፈራርሟል። ትዕዛዝ ማለት ግን ነገ ይመጣል ማለት አይደለም፤ የሁለቱም ፋብሪካዎች ወረፋ የዓመታት ነው።

ሲመጡ የሚሰማዎት ለውጥ የትከሻ ነው። የ737 የውስጥ ስፋት 3.53 ሜትር፣ የኤ320ና የኤ321 ግን 3.70 ሜትር ነው። በስድስት መቀመጫ ሲካፈል ለአንድ ሰው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል፤ 737 ላይ 43 የሆነው የመቀመጫ ስፋት እዚህ ወደ 46 ይጠጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ሦስት ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጋቢ ሲደርቡ ግን ይታወቃል። በአንጻሩ ኤ321 ረጅም ነው። ከ200 በላይ ሰው በአንድ መተላለፊያ ሲገባና ሲወጣ ጊዜ ይወስዳል። ሌላ በረራ ለመያዝ የሚቸኩል ሰው ወደ ፊት ያለ ረድፍ ይምረጥ።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ለዑምራ ወደ ጅዳ ትሄዳለች። ባለፈው ስትሄድ ስትነሣ ምንም ሳትል ልታርፍ ስትል ጆሮዋን ክፉኛ አመማት። ለምን ሲያርፍ ብቻ? የደም ግፊትም አለባት። (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ እናትዎ የደሴ ሰው መሆናቸው መልሱን ያቀልልናል። አውሮፕላን በ10,000 ወይም በ11,000 ሜትር ሲበር ውስጡ በተጨመቀ አየር ይሞላል። ግን እስከ ባሕር ጠለል ግፊት አይሞላም፤ የአውሮፕላኑ አካል እንዳይጨናነቅ በ737ና በኤ320 ቤተሰብ የውስጡ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እናትዎ በበረራው ላይ የሚተነፍሱት አየር ቤታቸው ከሚተነፍሱት አይሳሳም። ዱባይ ወይም ጅዳ ተወልዶ ላደገ ሰው ነው አየሩ ሳስቶ የሚያደክመው።

ቦሌ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ የውስጡ ግፊት ከ2,300 ወደ 2,400 ቢሄድ ነው፤ ጆሮ አያውቀውም። ጅዳ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ሲወርድ 2,400 ሜትሩን በሙሉ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይመልሰዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በመኪና ሲወርዱ ጆሮ ጥው የሚለው ለ600 ሜትር ያህል መውረድ ነው፤ ወደ ጅዳ ማረፍ የዚያ አራት እጥፍ ነው።

ሕመሙ የሚመጣው ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር ከውጭው ጋር ስለማይስተካከል ነው። ከጉሮሮ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ሽቅብ ሲወጣ በራሱ ይከፈታል። ሲወርድ ግን የውጭው ግፊት ይዘጋዋል፤ በመዋጥ ወይም በማዛጋት መክፈት የእኛ ሥራ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው የሚቸገረውም ለዚህ ነው፤ አንዴ በኃይል ከተዘጋ በኋላ መክፈት ይከብዳል።

አብራሪው መውረድ መጀመሩን እንዳስታወቀ፣ ማለትም ሊያርፍ 25 ወይም 30 ደቂቃ ሲቀረው፣ እናትዎ እንዳይተኙ ይንገሯቸው። የተኛ ሰው ምራቁን ብዙም አይውጥም። ከረሜላ ይምጠጡ ወይም ማስቲካ ያኝኩ፣ በየደቂቃው ይዋጡ። በረመዳን ከሆነና ከጾሙ ምራቅ መዋጥ፣ አፍ ከፍቶ ማዛጋትና አገጭን ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ካልተከፈተ አፍንጫን በሁለት ጣት ይዘው፣ አፍ ዘግተው፣ ቀስ ብለው ወደ አፍንጫ ይግፉ። ቀስ ብለው ነው፤ በኃይል መግፋት ታምቡሩን ይጎዳል። ጉንፋን ከያዛቸው ቱቦው አብጦ ስለሚዘጋ ችግሩ ይብሳል። የአፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ ይረዳል፤ ነገር ግን ከዚህ ዓይነት መድኃኒት አንዳንዱ የደም ግፊትን ስለሚጨምር እናትዎ ከሐኪም ወይም ከፋርማሲስት ሳይጠይቁ አይጠቀሙ። ሕፃን የያዘች እናት በዚህ ሰዓት ጡት ታጥባው፤ ሲጠባ ይውጣልና። ካረፉ በኋላ ሕመሙ ወይም መደንቆሩ ለሁለት ሦስት ቀን ከቆየ፣ ወይም ፈሳሽ ከወጣ፣ ሐኪም ይዩ።

እዚህ ላይ የአውሮፕላኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የ787 አካል የተሠራው ከካርቦን ውሕድ ስለሆነ ከፍ ያለ ግፊት ይችላል፤ የውስጡ አየር ከ1,800 ሜትር አይበልጥም። ይህ የኮምቦልቻ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚበርበት ድሪምላይነር ይኸው ነው። ከቦሌ ሲነሣ የውስጡ አየር ቦሌ ላይ ካለው ይልቅ ስለሚከብድ አንዳንድ ሰው ጆሮው ሽቅብ ሲወጣ ይሰማዋል፤ ሲወርድ ግን የሚመልሰው 1,800 ብቻ ነው። ጆሮው ለሚያስቸግረው ሽማግሌ የዋጋው ልዩነት ካላስጨነቀ እኛ ይህን እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ማክስ መሆኑን ሳውቅ ትኬቱን ልሰርዝ አሰብኩ። ተስተካክሏል የሚባለው ምኑ ነው? (ከኮምቦልቻ፣ ቦርከና አካባቢ)

መልስ፦ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው አጥተናል፤ ፍርሃትዎ ምክንያት አለው። የአደጋው መነሻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ነበር። መረጃውን የሚወስደው ከአንድ መለኪያ ብቻ ስለነበር መለኪያው ሲሳሳት እሱም ተሳሳተ፤ አብራሪዎቹ ሲያቃኑት ደጋግሞ ገፋ። የተስተካከለው ይህ ነው። አሁን ሁለት መለኪያዎችን ያነጻጽራል፣ ካልተስማሙ አይሠራም። ቢሠራም በአንድ አጋጣሚ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉልበቱም አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው በሚችለው ልክ ተወስኗል። አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆኗል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በማክስ ላይ የተጣለውን የበረራ እገዳ አነሣ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ከብዙዎች ዘግይቶ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው የመለሰው። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 2024 በአሜሪካ በአየር ላይ ያልተፈለገ የመውጫ በር ቀዳዳን የሚዘጋው መሸፈኛ የተነቀለው ከማክስ 9 ነበር፤ ማክስ 8 ያ መሸፈኛ የለውም።

ማክስ ላይ የተሳፈረ ሰው ቢያውቀው ደስ የሚለው ከሆነ፣ የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ለምቾት ግን ስፋቱ ከ737-800 ጋር አንድ ነው፤ ድምፁ ብቻ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ የሚነሣው ቦምባርዲየር ለምን ይጮኻል? የት ልቀመጥ? የእጅ ሻንጣዬንስ ለምን ይቀበሉኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ኪው400 ነው፤ በትኬት ላይ ዲኤች4 ይባላል። የከተማዎቹ መለያ ደግሞ ዲ ኤስ ኢ ነው፤ ደሴ የሚል ትኬት ኮምቦልቻ ኤርፖርት ማለት ነው። ድምፁ የሚመጣው ከፕሮፔለሮቹ ነው፤ ስድስት ስድስት ቅጠል አላቸው። የሚከፋው ከእነሱ ጎን ባሉት ረድፎች ነው፤ ከክንፉ በኋላ ወደ ጅራት ሲጠጉ ይለዝባል። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ከብዙዎቹ መስኮቶች መሬቱን ያያሉ። መቀመጫው ሁለት ሁለት ስለሆነ የመካከል ወንበር የለም፤ ይህ ብቻውን ከብዙ ጄቶች ያስመርጠዋል። የላይኛው መደርደሪያ ግን ትንሽ ነው። 55 ሳንቲ ሜትር ያለው ጠንካራ ባለ ጎማ ሻንጣ አይገባም፤ ስለዚህ ከአውሮፕላኑ ሥር ይቀበሉዎታል። ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ፤ መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ገንዘብ ሁልጊዜ በትንሽ ቦርሳ ለብቻ ይሁን። በክረምት ከሰዓት በኋላ በተራሮቹ ላይ ደመና ስለሚቆለል መንገጫገጭ ይበዛል፤ የጠዋት በረራ ይሻላል።

ጥያቄ፦ 737 ላይ የመስኮት ወንበር ከፍዬ ገዝቼ መስኮት የለውም! ይህ እንዴት ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከክንፉ ቀደም ብለው ባሉት ጥቂት ረድፎች ግድግዳ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ በዚያ ቦታ መስኮት አይቆረጥም። ራያንኤር ላይ 11ኤ የታወቀ ነው። ከክንፉ ፊት ሲመርጡ የመቀመጫ ካርታውን ማስታወሻ ያንብቡ። የአደጋ ጊዜ መውጫ ረድፍ ለእግር ሰፊ ነው፤ ግን ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና በሩን ለመክፈት አቅም የሌለው አይቀመጥበትም። የአስተናጋጇን ትእዛዝ መረዳትም ግድ ነው። ሁለት የመውጫ ረድፎች ሲኖሩ የፊተኛው መደገፊያ ስለማይለጠጥ የኋለኛውን ይምረጡ። የመጨረሻው ረድፍ ከሽንት ቤት ጋር ስለሚዋሰን ርካሽ ቢሆንም አንመክረውም።

ጥያቄ፦ ቅቤ፣ ማርና በሶ በእጅ ይዤ መግባት እችላለሁ? ፓወር ባንክስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ቅቤና ማር እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በእጅ አያልፍም። ክዳኑን በፕላስተር አሽገው፣ በሁለት ላስቲክ ጠቅልለው ወደ ሚጫነው ሻንጣ ያስገቡት፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋልና። በሶና ዳቦ ቆሎ በእጅ ያልፋሉ። ፓወር ባንክ ተቃራኒው ነው፤ በሚጫን ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም፣ በእጅ ብቻ ነው፤ ወሰኑም 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ቁጥሩ የተፋቀበትን ግን ፍተሻ ላይ ይወስዱታል። በበረራ ላይ መጠቀምን የከለከሉ አየር መንገዶች እየበዙ ስለሆነ ስልክዎን ከመሳፈርዎ በፊት ሞልተው ይግቡ፤ ፓወር ባንኩንም ከላይኛው መደርደሪያ ሳይሆን ከፊትዎ ባለው ኪስ ወይም ከወንበሩ ሥር ያድርጉት። ቢሞቅ ወይም ቢያብጥ ወዲያው እንዲታይ ነው።